ዳዊት በጎቹን ለማን ትቶ ሄደ?

«ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ የምኖር፣ በግ የማረባና ገብስ የማመርት የ46 ዓመት ሰው ነኝ። በልጅነቴ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ከዳር እስከ ዳር ከአንድ ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ። አሁን ግን ታሪኮቹ አፌ ላይ እንጂ ልቤ ላይ የሉም። ገና ስጀምረው መጨረሻውን ስለማውቀው ዓይኔ በፊደሉ ላይ ይሄዳል፣ ሐሳቤ ግን ገበያ ውሎ ይመለሳል። በቅርቡ ማታ ማታ ለስምንት ዓመት ልጄ ማንበብ ጀምሬ ነበር። የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ ሳነብላት ‹አባዬ፣ ዳዊት በጎቹን ለማን ትቶ ሄደ?› ብላ አቋረጠችኝ። ወንጭፉ ጋ ልደርስ እየቸኮልኩ ስለነበር ‹ዝም ብለሽ ስሚ› አልኳት። ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ትታለች፤ ሳነብላትም እንቅልፍ ይወስዳታል። እንዲህ መድረቄ ኃጢአት ይሆን? እንደ ልጅነቴ የምደነቅበትንስ ልብ ከየት ላምጣው?»

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ይበልጥ የያዘኝ የልጅዎ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቅር ካላሰኘዎት አስቀድሜ ለእርሷ እመልሳለሁ፤ የእርስዎም መልስ በአብዛኛው እዚያው ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17ን ይክፈቱና ጎልያድንም ወንጭፉንም ለጊዜው ወደ ጎን ትተው ከቁጥር 17 እስከ 30 ያለውን ቀስ ብለው ያንብቡ። እሴይ ልጁን የላከው ለውጊያ አልነበረም፤ ስንቅ እንዲያደርስ ነበር። ለወንድሞቹ አንድ ኢፍ የተጠበሰ እህልና አሥር እንጀራ፣ ለሻለቃው ደግሞ አሥር አይብ አስይዞ፣ ደኅንነታቸውን ጠይቆ እንዲመለስ አዘዘው። አንድ ኢፍ 22 ሊትር ገደማ እንደሚይዝ ስለሚገመት የብላቴናው ሸክም የዋዛ አልነበረም። ከዚያም ቁጥር 20 ላይ ዳዊት ማልዶ እንደተነሣና በጎቹን ለጠባቂ እንደተወ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። የልጅዎ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ታሪኩ ራሱ ስለ በጎቹ አስቦበታል። እርስዎም ይህንን ቁጥር በዕድሜዎ ስንት ጊዜ እንዳነበቡት እግዚአብሔር ይወቀው።

ሁለት ቁጥር ወረድ ይበሉ። ከጦሩ ሰፈር ሲደርስ የተሸከመውን በዕቃ ጠባቂው እጅ ትቶ ወደ ሰልፉ ሮጠ ይላል። እንግዲህ ይህ ልጅ በአንድ ማለዳ ሁለት ጊዜ አደራ አስረክቧል፤ በጎቹን ለጠባቂ፣ ስንቁን ለዕቃ ጠባቂ፣ ሩጫውም ከዚያ በኋላ ነው። እኛ በልጅነታችን የሣልነው ዳዊት ግን ሁሉን ጥሎ ወደ ጦር ሜዳ የሚበር ደፋር ነበር። አሁን ደግሞ ቁጥር 28ን ይመልከቱ። ታላቅ ወንድሙ ኤልያብ ተቆጥቶ «እነዚያን ጥቂቶች በጎች በምድረ በዳ ለማን ተውሃቸው?» ይለዋል። ልጅዎ የጠየቀችው ያንኑ ጥያቄ ነው! ልዩነቱ ኤልያብ መልስ አለመፈለጉ ነው፤ ታናሹን በሰው ፊት ሊያሳፍረው ፈልጎ ነው፤ «ጥቂቶች» የምትለዋን ቃል የጨመረበትም ለዚሁ ነው። እኛ አንባቢዎች መልሱን ከስምንት ቁጥር በፊት ስላየነው ብላቴናው ያለ ጥፋቱ እየተወቀሰ መሆኑን እናውቃለን። ዳዊት ግን «ለጠባቂ ሰጥቻቸዋለሁ» ብሎ እንኳ አልተሟገተም፤ «እኔ ምን አደረግሁ?» ብሎ ፊቱን ወደ ሌላ ሰው አዞረ። ታላቅ ወንድም ያለው ሰው ሁሉ ይህችን ፊት ማዞር ያውቃታል።

በግ ለማያውቅ አንባቢ ይህ ሁሉ የታሪኩ ገለባ ሊመስለው ይችላል። እርስዎ ግን ማታ በጎቹ ሲገቡ በረቱ በር ላይ ቆመው የሚቆጥሩ ሰው ነዎት፤ አንዲት ጠቦት ስትጎድል ቤተሰቡ ሁሉ እራቱን ትቶ በጨለማ እንዴት እንደሚወጣ ልጅዎም አይታለች። ዳዊት በኋላ ለሳኦል ስለ አንበሳና ስለ ድብ ሲነግረው፣ እናንተ ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ እንደምትነጋገሩት ያለ ነገር ነው የሚናገረው። ጥያቄዋ ከመንገድ የወጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ከእርስዎ ይልቅ ለታሪኩ ቅርብ ነበረች።

እንግዲህ ችግርዎ የእምነት ማነስ አይመስለኝም። ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱም የመጣው ከማወቅ ነው። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው በመካከል ላለው ነገር ጊዜ የለውም። የሚኖሩበትን አገር ስም እንኳ ይውሰዱ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት ቦታውን ደብረ ብርሃን እንዳሉትና በዚያም እንደተቀመጡ ይነገራል፤ በ1456 የታየው ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ብለው የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። ዛሬ መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን!» እያለ ሲጣራ ብርሃኑ ትዝ የሚለው ተሳፋሪ ማን ነው? እኔ ራሴ በዚያ መንገድ ስመላለስ የማስበው ጋቢ መያዝ አለመያዜን ነው። ስሙ ግን አልደበዘዘም፤ አንድ ሕፃን «ለምን ደብረ ብርሃን ተባለ?» ብሎ ሲጠይቅ ታሪኩ እንዳለ ይወጣል።

ኃጢአት ይሆን ወይ ስላሉት፣ እኔ ነፍስ አባት አይደለሁም፤ ነገሩ ካስጨነቀዎት ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። በእኔ በኩል ግን ድርቀት የማይጎበኘው አንባቢ አይቼ አላውቅም፤ ደርቆብኛል ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ልቡ ጨርሶ አልደረቀም።

አሁን ስለ እኔ አንድ ነገር ልንገርዎ። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም ነበር፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ እሳቸው ዘንድ እየሄድኩ መጽሐፍ የማነበው እኔ ነበርኩ። አንድ የመኸር ማታ፣ ገብሱ ታጭዶ ገና ሳይወቃ፣ መጽሐፈ ሩትን አነብላቸው ነበር። ቦዔዝ በምሳ ሰዓት ሩትን ከአጫጆቹ አጠገብ አስቀምጦ የተጠበሰ እሸት እንደሰጣት፣ በልታም እንደጠገበችና እንደተረፋት የሚናገረውን ምዕራፍ 2 ቁጥር 14ን አንብቤ ልቀጥል ስል አያቴ እጃቸውን አነሡ። «የተረፋትን ምን አደረገችው?» አሉ። እኔ ለጥያቄው ዝግጁ አልነበርኩም፤ እንዲህ ያለውን ነገር መጽሐፍ ይጽፋል ብዬም አላሰብኩም። «አልተጻፈም» ብዬ በድፍረት መልሼ ንባቤን ቀጠልኩ። አራት ቁጥር እንደወረድኩ፣ ቁጥር 18 ላይ፣ ሩት ወደ ከተማ ገብታ የቃረመችውን ለአማቷ እንዳሳየቻት፣ ከጠገበችም በኋላ የተረፋትን አውጥታ እንደሰጠቻት ተጽፎ አገኘሁት። አያቴ የነጠላቸውን ጫፍ ያዝ አድርገው «ቋጥራላት ነዋ!» አሉና ሳቁ።

ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዝክር ወይም ከሠርግ ቤት የሚመለሱ እናቶች እቤት ለቀረ ሰው ዳቦ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ሲያመጡ ያላየ የአገራችን ልጅ የለም፤ አያቴም የሞዓባዊቷን ሴት በዚያች ቋጠሮ አወቋት። ሩት ስትራብ ውላ የጠገበችው ያን ቀን ነበር፤ እየበላች ያሰበችው ግን እቤት ጾሟን ስለተቀመጠችው ኑኃሚን ነበር። ጸሐፊው «ሩት አማቷን ትወድ ነበር» ብሎ አልጻፈም። የተረፈውን እሸት ከቁጥር 14 አንሥቶ ቁጥር 18 ላይ አስቀመጠውና ዝም አለ። በመካከሉ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች የሚሮጥ አንባቢ ይህንን አያየውም፤ እኔም በፊደል ቆጣሪነቴ ተመክቼ አላየሁትም ነበር።

የሚያውቁትን ሥራ ይዘው ወደ ታሪኩ ይግቡ የምልዎት ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥንቃቄ አለ። የእኛ ነገር በር ይከፍታል፤ አንዳንዴ ግን ያሳስታል። ገብስን እንውሰድ። አምስቱ እንጀራና ሁለቱ ዓሣ የተባረኩበትን ታሪክ አራቱም ወንጌላውያን ጽፈውታል፤ እንጀራው የገብስ መሆኑንና የያዘውም ብላቴና መሆኑን የሚነግረን ግን ዮሐንስ ብቻ ነው (6፥9)። በእርስዎ አገር «ገብስ የእህል ንጉሥ» ነው፤ ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎው፣ ጠላው ሁሉ ከእርሱ ነው፤ ስለዚህ «የገብስ እንጀራ» ሲባል ደግ ምግብ ሊታይዎት ይችላል። በዚያ አገር ግን ገብስ የድኻ እህል ነበር። ማስረጃው ከመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ በሁለተኛ ነገሥት 7፥1 አንድ ሰቅል አንድ መስፈሪያ መልካም ዱቄት ሲገዛ ገብስ ግን ሁለት መስፈሪያ ይገዛል፤ በዮሐንስ ራእይ 6፥6 ደግሞ አንድ ዲናር አንድ እርቦ ስንዴ ወይም ሦስት እርቦ ገብስ ያወጣል። ይህንን ካወቁ በኋላ ወደ ወንጌሉ ሲመለሱ ፊልጶስ የሁለት መቶ ዲናር ሒሳብ ሲያሰላ አጠገቡ የድኻ ልጅ ስንቁን ይዞ ቆሞ ይታይዎታል። እንድርያስም ስለ ልጁ ሲናገር አፍሮ ይመስላል፤ «ነገር ግን እነዚህን ለሚያህሉ ሰዎች ይህ ምን ይሆናል?» ብሎ ነው የጨረሰው። ገበሬ ስለሆኑ የእህል ዋጋ የሰውን ማዕረግ እንዴት እንደሚናገር ለእርስዎ አልነግርዎትም።

እዚህ ላይ «ይህ የፈረንጅ ትምህርት አይደለም ወይ? አባቶቻችን እንዲህ ያነቡ ነበርን?» የሚል ወዳጅ ቢገጥምዎት አይደንግጡ። በንባብ ቤት ግዕዝ፣ ውርድ፣ ቁም እየተባለ አንዱ ገጽ ስንት ጊዜ ይመላለስ እንደነበር ከየኔታ ዘንድ የዋሉት እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። የመጻሕፍት መምህራንም አንዱን ንባብ ከተረጎሙ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ፤ ከዚያም እንደገና «አንድም» ይላሉ። ይህች ቃል ለጠቅላላው ትርጓሜ ስሟን አውጥታለታለች፤ አንድምታ የምንለው እርሱን ነው። ንባቡ ገና አላለቀም፣ እንደገና እንየው ማለት ናት። ልጅዎ «ለማን ትቶ ሄደ?» ስትል በስምንት ዓመት አፏ «አንድም» ማለቷ ነበር።

መደነቅ ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ ደስ የሚል ነገር አይምሰልዎት። ዘፍጥረት 22ን ያለ ፍርሃት የሚያነብ አባት ካለ አላነበበውም እላለሁ። አብርሃም እንጨቱን በይስሐቅ ላይ አሸከመ፤ እሳቱንና ቢላዋውን ግን በራሱ እጅ ያዘ። ልጅን ሊቆርጥና ሊያቃጥል የሚችለውን ነገር ለምን ራሱ እንደያዘ መጽሐፉ አይናገርም፤ እኔ ግን ከእርሱ በላይ የአባትን ልብ የሚያሳይ መስመር አላውቅም። «ሁለቱም አብረው ሄዱ» የሚለው ቃል ይስሐቅ ከመጠየቁ በፊትም ከጠየቀ በኋላም ተጽፏል፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ግን ልጁ በጉ እንደሌለ አስተውሏል። በጉ የተያዘበት ዕፀ ሳቤቅም ሌላ ነገር ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የአንድ የተለየ ዛፍ ስም ይመስለን ነበር። ሳቤቅ በዕብራይስጡ ጥሻ ማለት ነው፤ ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት ቃሉን ሳይተረጉሙ እንዳለ ተዉት፤ ከግሪኩም ወደ ግዕዝ እንደዚያው ተሻገረ። አንድ የዕብራውያን ቃል ከጥሻው ጋር ተይዞ ባሕር ተሻግሮ በእናንተ ደብር ቅዳሴ መጽሐፍ አጠገብ መድረሱ እኔን እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

ስለ አነባበቡ ጥቂት ልጨምር። ለአንድ ሳምንት አንድ ታሪክ ይበቃዎታል፤ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት፤ ዓይን የሚዘለውን ቃል ምላስ አይዘለውም። ልጅዎ ስታቋርጥዎ መልሱን ከራስዎ አያምጡ፤ ጣትዎን በገጹ ላይ አድርገው «እስቲ ተጽፎ እንደሆነ አብረን እንፈልግ» ይበሏት። ከተገኘ ደስታው የሁለታችሁ ነው። ካልተገኘ «አልተጻፈም» ማለትን ይድፈሩ፤ ባይሆን እንደ እኔ ሳይፈልጉ አይበሉት። ያልተጻፈውን ከራስ ጨምሮ ታሪኩን ማሳመር ግን ሌላ በሽታ ነው፤ እርሱ በጥቂት ቀን ይጣፍጥና ኋላ መጽሐፉን ያስረሳል።

የምዕራፍ ቁጥርም አያስቁምዎት። የዛሬው የምዕራፍ አከፋፈል የመጣው በ13ኛው መቶ ዘመን፣ የቁጥሩም ከ1551 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ነው፤ ወንጌላውያኑ አያውቁትም። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 «እያንዳንዱም ወደ ቤቱ ሄደ» ብሎ ያልቃል፤ ብዙ ሰው እዚያ መጽሐፉን አጥፎ ይተኛል። የሚቀጥለው ቃል ግን «ኢየሱስ ግን ወደ ደብረ ዘይት ሄደ» የሚል ነው። ሁለቱን አያይዘው አንዴ ያንብቧቸው፤ በተለይም የሰሜን ሸዋ ብርድ በመስኮት በሚገባበት ሌሊት፣ ቤት ባለው ሰው አፍ።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ዛሬ ማታ ከማንበብዎ በፊት «ያን ቀን የጠየቅሽኝ ጥያቄ ትክክል ነበር፤ እኔ ቸኩዬ ነው» ይበሏትና ቁጥር 20ን ራሷ ጮክ ብላ እንድታነበው መጽሐፉን ይስጧት። አባት ለልጁ እንዲህ ሲል ክብሩ ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ትንቢተ ዮናስን ይጀምሩ። አራት ምዕራፍ፣ 48 ቁጥር ብቻ ስለሆነ በአራት ማታ ያልቃል፤ በጾመ ነነዌ ስለሚነበብም ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። ዓሣ አንባሪው ጋ ለመድረስ አይቸኩሉ፤ ምዕራፍ 3 ላይ ንጉሡ ሰውም እንስሳም እንዲጾም፣ ሰውም እንስሳም ማቅ እንዲለብስ ያወጀበትን ስፍራ ሲያገኙ ቆም ይበሉ። በሬ ማቅ ለብሶ፣ በግ ሳይሰማራ ቆሞ ሲጮህ ምን እንደሚመስል እናንተ በባና ውስጥ ተጠቅልላችሁ ልትነጋገሩበት ትችላላችሁ። መጽሐፉ የሚያልቀው በጥያቄ ነው፤ ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከመቶ ሃያ ሺህ የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሳት ላሉባት ለታላቂቱ ከተማ አላዝንምን ብሎ እግዚአብሔር ዮናስን ይጠይቀዋል፤ የዮናስ መልስ አልተጻፈም። እርስዎም አይመልሱት፤ መጽሐፉን አጥፈው ኩራዙን ሳያጠፉ ጥቂት ይቆዩ። ስለ እንስሳቱ ምን እንዳለችዎ ግን ይጻፉልኝ።